ጠመንጃው የሚችለው ጥይት

ቄስ ሉቃስን እየጠላሁ ነው ያደግሁት። ጥላቻዬ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ በከንፈሬ ጫፍ ነካ አድርጌ እመለሳለሁ፤ በሆዴ ግን «ሌባ» እላቸዋለሁ። ከደጃችን ብቅ ባሉ ቁጥር የአባቴን ጠመንጃ ሊወስዱብን የመጡ ይመስለኝ ነበር። የመጡት ለእናቴ መሆኑን የሰማሁት አድጌ፣ ለራሴም ባል ሊመጣልኝ ሲል ነው።

ጠመንጃው ባለ ሁለት አፍ ነው። አባቴ ባየህ ከአባቱ ወርሶታል፤ አባቱ ከማን እንዳገኘው የሚያውቅ የለም። ሁለቱ አፈሙዞች እንደ መንታ ልጆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ብረታቸውን ወደ ፀሐይ ዞር አድርጎ ለሚያየው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መስመር አለባቸው። አባቴን ወባ ድንገት ነጥቆን ሲሄድ ለእናቴ ለአምሳል የቀረናት እኔ፣ በሬዎቹ፣ የሩዙ ማሳና ይኸው ጠመንጃ ነበርን።

የአባቴ ወንድም ገበያው ከተዝካሩ ማግሥት ጀምሮ እናቴን አላስቀምጥ አላት።

«ሴት ባለችበት ቤት ጠመንጃ ምን ይሠራል? ወይ ለኔ ስጪኝ፤ ወይ ለነፍሱ ይሁንለት፣ ለመድኃኔ ዓለም ይግባ።»

በኛ አገር የሟች መሣሪያ ለደብሩ መሰጠቱ የታወቀ ነው። ለነፍሱ ተብሎ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ከታቦት ላይ ማን ይቀበላል? የደብሩ ገበዝ ቄስ ሉቃስ ነበሩ። የገባውን ሁሉ ተቀብለው የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ልጅ ነኝ፤ ሁለትና ሁለትን ደመርሁና አራት አገኘሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

እናቴ ግን ጠመንጃውን ለማንም አልሰጠችም። ፎገራ ላይ ሩዝ የዘራ ሰው ጠላቱ ግሪሳ ነው። ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር ከሐይቁ በኩል እንደ ጭስ ተነሥቶ ይመጣል፤ ማሳ ላይ ሲያርፍ አገዳው ይጎብጣል። አባቴ በሕይወት ሳለ ማማ ላይ ወጥቶ ሁለቴ ሲተኩስበት ያ ሁሉ ወፍ ወደ ጉማራ ወንዝ ማዶ ይሸሽ ነበር። አሁን ማማው ላይ የምትወጣው እናቴ ናት። አገሩ አፉን ይዞ አየ። «አምሳል ተኳሽ ሆነች» ተባለ። እሷ ግን ስለ አገሩ ወሬ ሳይሆን ስለ ጠመንጃው ነበር የምትፈራው፤ ምን ጥይት እንደሚጎርስ አባቴ ሳይነግራት ነው የሞተ።

ቄስ ሉቃስ የመጡት ያኔ ነው።

አባታቸው ደብረ ታቦር ላይ ጠመንጃ የሚያድሱ ነበሩ፤ እሳቸውም ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ በፊት ከብረትና ከባሩድ መካከል ነው ያደጉት። አንድ የመስከረም ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ደጃችን ካለው ዋርካ ሥር አጎዛ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ጠመንጃውን ከወገቡ አጥፈው ከፈቱት፤ አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለይተው በገመድ አንጠልጥለው ያዙ። በጣታቸው አንጓ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ብረቱ ቀጭን ድምፅ አወጣና ቆየ። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡት።

«ምን አለዎት አባ?» አለች እናቴ።

«ጤነኛ ነው። የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈን ነበር። ግን ሽማግሌ ነው የአይናለም እናት፤ እንደ ሽማግሌ ነው መያዝ ያለብሽ።»

አይናለም እኔ ነኝ። እናቴን ሁልጊዜ በኔ ስም ነበር የሚጠሯት። ይህንንም አልወደድሁላቸውም፤ በስሜ መነገድ መስሎኝ።

«ይህ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው» አሉ ቀጠሉና። «ጥቁር ባሩድ እንደ በሬ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋ። የዛሬው ባሩድ ግን በአንዴ ነው የሚረግጠው። ኃይለኛውን ካጎረስሽው አፈሙዙ እጅሽ ላይ ይተረተራል። ለስላሳ ጥይት ነው የሚፈልገው፤ ባሩዱ ትንሽ፣ ርሳሱ ትንሽ፣ ቁመቱም አጭር።»

«ቁመቱ ደግሞ ለምን?»

ከደብተራዎች ብዕር የተረፈች መቃ ከኪሳቸው አወጡ። ጥይቱ በሚጎርስበት ጉድጓድ ውስጥ ሰደዷት፤ ጫፉ እስከሚጠብበት ድረስ ለክተው በምላጭ ቆረጧት።

«ጥይት ሲተኮስ አፉ ይከፈታል። ጉድጓዱ አጭር ከሆነ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፤ ባሩዱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። ከዚች መቃ የሚረዝም ጥይት እንዳታጎርሺው። ልክ ሆኖ ቢገባልሽም እንዳታጎርሺው፤ መግባቱ አያታልልሽ።»

እናቴ መቃዋን ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረቻት። እኔ ደግሞ ከቤታችን በር ጀርባ ቆሜ ንብረታችንን የሚመረምር ነጋዴ የማይ ያህል ነበር የማያቸው። እንዲህ አገላብጦ የሚያይ ሰው ሳይወስድ አይቀርም አልሁ።

በወሩ የነፍስ አባታችን አረፉ። እናቴ ማን ይሁንልኝ ብላ ስታስብ ሰንብታ አንድ ቀን ከዋርካው ሥር ጠየቀቻቸው።

«ሜዳ ላይ ቀርተናል አባ። እርስዎ ይሁኑን።»

ቄስ ሉቃስ የቀረበላቸውን ጠላ እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሌላ ፈልጊ። እኔ ላንቺ የነፍስ አባት ልሆን አልችልም።»

ተነሥተው ሄዱ። ጥላቸውን እንኳ ረስተዋት ሄዱ፤ እኔ ነበርሁ ሮጬ የሰጠኋቸው፤ ሳይመርቁኝ ተቀበሉኝ። ንቀውን ነው አልሁ፤ ድሃ ስለሆንን። ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት ከሰው ሁሉ የበለጠ እውነት የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ለነፍስ አባት የንስሐ ልጅ ማለት ልጅ ናት። እሳቸው እናቴን ልጄ ብለው እግዚአብሔር ፊት ሊዋሹ አልፈለጉም።

ጥይቱን የመረጡላት ወረታ ላይ ነው። በገበያ ቀን እኔና እናቴ ሽንኩርታችንን ሸጠን የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ወደሚለይበት፣ ወደ ታደለ ሱቅ ሄድን። ታደለ ከፊት ማረሻና ገመድ ይሸጣል፤ ከጓሮ ደግሞ ፈላጊው የሚያውቀው ሌላ ዕቃ አለው። የጭነት መኪናዎቹ ሲያልፉ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቄስ ሉቃስ ቀድመውን ደርሰው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

ታደለ እጁን እያሻሸ ረዣዥም ቀይ ጥይቶች አወጣ። ቂጣቸው በወፍራም ነሐስ የተለበጠ ነው።

«ጥይት ማለት ይህ ነው! ዝሆን ይጥላል!»

«ዝሆን መች አስቸገራት» አሉ ቄስ ሉቃስ።

እናቴ መቃዋን ከመቀነቷ ፈታች። እሳቸው ቀዩን ጥይት ከመቃዋ ጎን አቆሙት፤ ጥይቱ በጣት ውፍረት በለጠ። ወደ ጎን ገፉት። ሌላ አመጣ፤ ልኩ ነበር፤ በእጃቸው መዘን አድርገው «ርሳሱ በዝቷል» ብለው መለሱት። ታደለ እያጉረመረመ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ያጠሩ፣ ነሐሳቸው ዝቅ ያለ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ ጥይቶች ናቸው። አንዱን ከመቃዋ ጎን አቆሙት፤ እኩል ሆነ። መዘኑት። ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት፤ እርጥበት ገብቶት እንደሆነ ነሐሱን በጥፍራቸው ፈተሹት።

«ይህ ነው።»

«ኧረ አባ፣ የደከመ ጥይት እኮ ነው! ማንም አልገዛ ብሎኝ የተቀመጠ። ጎረቤት እንኳ አያስነሣም።»

«ለግሪሳ ድምፅ ይበቃዋል። እሷን ደግሞ ከነእጇ እንፈልጋታለን።»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ አሉ» አለ ታደለ። «የጠመንጃ አዳሽ ልጅ ቢቀስስ የት ይሄዳል!»

ያን ጊዜ እናቴ ሳቀች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ቄስ ሉቃስ ቀና ብለው አዩዋትና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ካርቶኑ መለሱ፤ ጥይቶቹን እንደገና አንድ በአንድ መለካት ጀመሩ። እኔ ግን ቀሚሷን ይዤ «እንሂድ እማ» አልኋት። ለሰውየው መሳቋ እንደ ክዳት ተሰማኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አኩርፌ፣ የገዛችልኝን ሸንኮራ እንኳ ሳልልጥ ተሸክሜው ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሩዙ ወተት ሲይዝ ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። እናቴ ማማው ላይ ትወጣለች፤ ግሪሳው ይመጣል፤ ትተኩሳለች፤ ሰማዩ በክንፍ ይሞላል። ቄስ ሉቃስ ከሩቅ፣ ከቦዩ ማዶ ባለው ድንበር ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። እሳቸው አይተኩሱም፤ ቄስ መሣሪያ አያነሣም። ሁለተኛው ጥይት ጮሆ ካበቃ በኋላ ዞር ብለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በፊት አይንቀሳቀሱም። ጠመንጃቸው ደህና መሆኑን ሊያጣሩ ነው የሚቆሙት እል ነበር። የሚያጣሩትስ ነበራቸው፤ የኔን ያህል ግን ጠመንጃው አላሳሰባቸውም።

ስለ ቄስ ሉቃስ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ሚስታቸው ገና በወጣትነቷ በወሊድ ሞታባቸዋለች። ቄስ ደግሞ ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱን ያጣል፣ ከመቅደስ ወጥቶ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። ይህን በደብሩ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አልመሰለኝም እንጂ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ግሪሳው በዛ። ኅዳር ሳይጋመስ ለስላሳው ጥይት አለቀ። አጎቴ ገበያው በዚያው ሰሞን ከመተማ ተመልሶ ነበር። ለክፋት አይደለም፤ የወንድሙ ሚስት እንዳትቸገር ብሎ አንድ ፓኮ ጥይት ይዞላት መጣ። ቀይ ነው። ያንጸባርቃል። እናቴ ልትለካው አስባ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በዚያ ጠዋት ወፉ ከማሳው ላይ ወርዶ አገዳው ሲንኮሻኮሽ ከቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የዓመት ቀለባችን ነው። ፓኮውን ይዛ ወደ ማማው ሮጠች።

እኔ ተከትዬያት ሮጬ ከድንበሩ ላይ ስደርስ አንዱ ቀይ ጥይት ከፓኮው ወድቆ አገኘሁትና አነሣሁት። ከረሜላ ይመስላል። ቄስ ሉቃስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያው ድንበር ነው የሚያልፉት። ያን ሰዓት ደረሱና እጄን አዩ።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

«የእማ ነው። አጎቴ ነው ያመጣላት። ልትተኩሰው ወጥታለች።»

ጥላቸውን ጣሉ። ድንበሩን ትተው በቀጥታ ወደ ሩዙ ውስጥ ገቡ። በዚያ ጭቃ ውስጥ ሲሮጡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቆረ፤ ጥምጣማቸው ወለቀ፤ አላነሡትም።

«አምሳል! አምሳል! አምሳል!»

ቄስ ባልቴትን እንዲያ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። የአይናለም እናት የለ፣ ምን የለ። ከጎረቤት ማሳ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቀና አሉ። እናቴ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጣቷን ቃታው ላይ አሳርፋለች። ድምፁን ስትሰማ ዞረች፤ አፈሙዙ ዝቅ አለ። ቄስ ሉቃስ ማማው ላይ በሁለት እርምጃ ወጥተው ጠመንጃውን ከእጇ ነጠቁት። ከፈቱት፤ ሁለቱን ቀይ ጥይቶች መንግለው ወደ ቦዩ ወረወሯቸው።

«አይውሰዱብን!» ብዬ ከሥር ጮህሁ። «የአባቴ ነው!»

ማንም አልሰማኝም። ቄስ ሉቃስ ማማው ወለል ላይ ቁጭ አሉ፤ ባዶውን ጠመንጃ ደረታቸው ላይ ታቅፈው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። እናቴ ቆማ እጆቿን ታያለች፤ አንዴ መዳፏን፣ አንዴ ጀርባውን። ወፉ እንዳሻው ሩዛችንን ይበላል።

ትንሽ ቆይተው ወረዱ። እናቴ እኔን ጅራፍ አስጨብጣ ወፉን እንዳባርር ወደ ማማው ሰደደችኝና እነሱ ከሥር ቀሩ። የሚሉትን ሁሉ እሰማ ነበር።

«ብትሞቺስ ኖሮ?»

«አልሞትሁም አባ።»

«አባ አትበይኝ።»

ጅራፌን አጮህሁ። ካጮህሁት በኋላ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

«ሊቀ ካህናቱ ዘንድ ሄጄ እተወዋለሁ» አሉ። «አንቺ እሺ በይኝ እንጂ እተወዋለሁ። ከእንግዲህ አልችልም።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ጠመንጃውን ሊተውልን ነው! እሺ በያቸው እማ፣ እሺ በያቸው አልሁ ከላይ ሆኜ።

«አይሆንም» አለች እናቴ። «ቀዳሽ ማን አለን? አባ ዓለምብርሃን ዓይናቸው ደክሟል፤ እርስዎ ከወጡ ብቻቸውን አይቀድሱ። ቅዳሴው ሊታጎል ነው። የሰው ልጅ ክርስትና ሳይነሣ፣ የሰው ሬሳ ሳይፈታ፣ በአምሳል ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ ሲባል እኔ በየት አገር እኖራለሁ?»

«እግዚአብሔር ሌላ ቄስ አያጣም።»

«አያጣም። እስቲ ያምጣ።»

ጠመንጃና ቅዳሴ ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። የገባኝ፣ እናቴ ቀላል ነገር ተጠይቃ እምቢ ማለቷ ብቻ ነው። ጭቃቸውን ሳያራግፉ፣ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው በድንበሩ ሲሄዱ እናቴ ከማማው እግር ተደግፋ ታያቸው ነበር። እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ አታብሰውም። ሩዛችን ስለ ተበላ ነው ብዬ እንዳታለቅስ አባበልኋት። «እሺ ልጄ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሰንበት ነበር። እናቴ ጠመንጃውን በአባቴ ጋቢ ጠቀለለችና አቅፋው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ በዐውደ ምሕረቱ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሰው ሁሉ እያየ ለገበዙ ሰጠች።

«ለባየህ ነፍስ ይሁንልኝ» አለች።

ቄስ ሉቃስ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። መናገር ያለባቸውን ምርቃት ጀምረው መሐሉ ላይ ዝም አሉ፤ አባ ዓለምብርሃን ጨረሱላቸው። ዓይናቸው ቀልቶ እንባ ሞልቶት ነበር። ደስታ ነው አልሁ። ይኸው በመጨረሻው አገኙት፣ ሲመኙት ኖረው አገኙት። ያን ያህል ሰው የጠላሁበት ቀን የለም። ያገኙ መስለውኝ የጠላኋቸው፣ ሁሉን ባጡበት ቀን ነበር። እናቴ ጠመንጃውን የሰጠችው እሳቸው ወደ ቤታችን የሚመጡበት ምክንያት እንዳይኖር ነው። ጥይት የሚመረጥለት ነገር ከሌለ የሚያመላልስ ነገርም የለም።

አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ግሪሳውን በጅራፍና በቆርቆሮ ነው ያባረርነው።

ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ እኔ ሳገባ ነው። «እኒያ ቄስ ሠርጌ ላይ እንዳይመርቁኝ» ብዬ ስነጫነጭ ሩዝ የምታበጥርበትን ሰፌድ አስቀመጠችና ጀምራ እስክትጨርስ ነገረችኝ። ሳትቸኩል፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ እስክትመስል። እኔ ግን ልጅነቴን በሙሉ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያሳለፍሁት ያህል ተሰማኝ። በሠርጌ ቀን የመስቀላቸውን ጫፍ ሳይሆን ሁለቱንም እጃቸውን ያዝሁ፤ አልለቀቅኋቸውም፤ ይህን ያመጣው ምን እንደሆነ ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ባለፈው ሰንበት ከባሕር ዳር መጥቼ ነበር። ከወረታ ባጃጅ ይዤ እስከ መንደሩ ደረስሁና እናቴን ይዤ በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጉልበቷ አስቸግሯታል፤ እየቆመች ነው የምትሄደው። ደብሩ አሁን ቀዳሽ አልቸገረውም፤ ወጣት ቀሳውስት ተራ እስኪጠባበቁ ድረስ ሞልተዋል። ቄስ ሉቃስም የሚቀድሱት አልፎ አልፎ ነው። ስንት ዘመን በሆዴ ይዤው የኖርሁትን ድንበሩ ላይ ስታርፍ ጠየቅኋት።

«እማ፣ አሁን እኮ እሳቸው ቢተዉት ቅዳሴ አይታጎልም። ምን ይከለክላችኋል?»

ሩዙን አየች። ፈገግ አለች።

«ዛሬማ ቄስ ሞላ ልጄ። ያለቅነው እኛ ነን።»

ተነሣንና ሄድን። ያን ቀን ተራው የእሳቸው ነበር። ከሴቶቹ በኩል ከእናቴ ጎን ቆምሁ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ የመጋረጃውን ጫፍ ይዘው ነው የሚቆሙት። ወደ ሕዝቡ ዞረው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰላም ለኩልክሙ።»

«ምስለ መንፈስከ» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ፣ እንደ ልማዱ ፈጠን ብሎ።

እናቴ ግን አልፈጠነችም። ያን ሁሉ ዘመን እርስ በርስ የተነጋገሩት ይህችን ብቻ ነው፤ እሳቸው ከመቅደስ «ሰላም ለሁላችሁ»፣ እሷ ከሕዝቡ መካከል «ከመንፈስህ ጋር»። ሕዝቡ ብሎ ከጨረሰ በኋላ ለብቻዋ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያሰማች «ምስለ መንፈስከ» አለች። ቄስ ሉቃስ መስቀላቸውን እንዳነሡ፣ እሷ እስክትጨርስ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም።